ብሩ ይቅር፣ አጎበሩ ይቅደም

ገና ሲቃረብ በሸሕዲ ኅብረታችን መዋጮ ይጀመራል። ለአዲስ ሕፃን የመጀመሪያ ገናው መታሰቢያ እንዲሆን ስሙ የተቀረጸበት የብር አምባር ይገዛል፤ ያዋጡትም ሰዎች ስም በጉባኤ ይነበባል። አምና አንዲት እህት ሁለት እሑድ ቀረች። ብጠይቃት የምታዋጣው አጥታ ኖሯል። የራሷም ልጅ የመጀመሪያ ገናው ነበር፤ ለእርሱ ግን ያሰበ አልነበረም። ይህን እኔ ፍቅር አልለውም።

«አያቶቻችንም ለልጅ ብር ያሠሩ ነበር» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ነገር ግን ያ ጌጥ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ቀልጦ ነበር፤ አንዱ ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል። ክፉ ቀን ሲመጣ ተሽጦ እህል ይሆናል። የእኛ አምባር ግን በብር የተለበጠ ነው፤ ከፎቶ አያልፍም።

«ሰብአ ሰገልስ ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ አምጥተው የለም ወይ?» ካላችሁ፣ ሉቃስ 2፥24ንም አንብቡ። ወላጆቹ ሕፃኑን ወደ ቤተ መቅደስ ባመጡ ጊዜ ያቀረቡት፣ በዘሌዋውያን 12፥8 ለድኻ የተፈቀደውን የወፎች መሥዋዕት ነው። ጌታ በድኻ ቤት ማደግን አልናቀም። ታዲያ በእርሱ ቤት ድኻ ስለ ምን ያፍራል?

አገራችን ቆላ ነው፤ ወባ በሕፃን ላይ ይበረታል። ዘንድሮ መዋጮው በዝግ ፖስታ ይሁን። በእርሱም በኅብረታችን ላለ ሕፃን ሁሉ፣ ለቀን ሠራተኛውም ልጅ፣ አጎበር ይገዛ። የአያቱ ብር በቤቱ ያለ ይጠብቀው፤ እርሱን አልነቅፍም። መዝገቡን የያዛችሁ ግን፣ ከዚህ እሑድ ጀምሮ ስም መጥራቱን አቁሙ።