ከእንቅርት ቀዶ ሕክምና በኋላ «ደህና ነኝ» አይበቃም

ተጅዊድ የቀራ ሁሉ ሐምዛ ከጉሮሮ ጥልቁ ቦታ እንደምትወጣ ያውቃል። ኡስታዞቻችን በጣታቸው የሚያሳዩን ያ ቦታ ሁለቱ የድምፅ አውታሮች የሚገጥሙበት ነው። አውታሮቹን የሚያንቀሳቅሰው ዋና ነርቭ ደግሞ ከታይሮይድ ዕጢ ጀርባ ተጠግቶ ያልፋል። እንቅርት በቀዶ ሕክምና ሲወጣ ይህ ነርቭ ሊለጠጥ፣ አልፎ አልፎም ሊቆረጥ ይችላል። በአንድ ወገን ከተጎዳ ድምፅ ይሻክራል፣ ውሃ ሲጠጡ ትን ይላል፤ በሁለቱም ከሆነ መተንፈስ ራሱ ይቸግራል።

ታዲያ ታካሚዋ «ድምፅሽ እንዴት ነው?» ተብላ «ደህና ነኝ» ስላለች ብቻ ወደ ቤቷ መሸኘት ተገቢ አይመስለኝም። አንዱ አውታር ቢሰንፍም ሌላው ተጠግቶ ክፍተቱን ሊሸፍንለት ስለሚችል ድምፁ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። በተቃራኒው ለማደንዘዣ የገባው ቱቦም ለጥቂት ቀናት ድምፅ ያሻክራል። ጆሮ ሁለቱን አይለይም።

የታወቀው መለያ በአፍንጫ የሚገባ ቀጭን ካሜራ ነው። ካሜራውና ባለሙያው ግን በየሆስፒታሉ አይገኙም፤ አልትራሳውንድ በብዙ ቦታ አለ። ለእርጉዝ እናቶች ብቻ የተሠራ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው! ጄል ተቀብቶ ጠፍጣፋው መመርመሪያ ማንቁርት ላይ አግድም ይቀመጣል። በሰከንድ ከ7 እስከ 12 ሚሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ ሞገድ ገብቶ ሲመለስ አውታሮቹ ስክሪኑ ላይ ይታያሉ። ታካሚዋ ትተነፍሳለች፣ «ኢ» ትላለች፤ ሁለቱ እኩል ይንቀሳቀሱ እንደሆነ እዚያው ይታያል። ጨረር የለውም፣ ጉሮሮ ውስጥም የሚገባ ነገር የለም።

ለሁሉም አይሠራም። በዕድሜ የገፉ ወንዶች ላይ የማንቁርቱ ልም አጥንት ስለሚጠነክር ሞገዱን ይከለክላል፤ ለእነርሱ ካሜራው ይቅረብ። ሴቶች ላይ ግን ምስሉ በአብዛኛው ጥርት ብሎ ይወጣል፤ እንቅርት የሚበዛውም በሴቶች ላይ ነው። ዘዴው ይበልጥ የሚሠራው ይበልጥ በሚያስፈልጋቸው ላይ ከሆነ፣ ማሽኑ እዚያው ግቢ ውስጥ ቆሞ ሳለ አለመጠቀም ለእኔ ሰበብ የለውም።

ከቀዶ ሕክምናው በፊትም ይታይ፤ አንዳንዴ አውታሩ ቀድሞውኑ የማይንቀሳቀስ ሆኖ ይገኛል። አጠራጣሪ ውጤት ያላት ወደ ካሜራው ትላክ። ጉዳቱ ቶሎ ከታወቀ የአዋዋጥ ጥንቃቄና የድምፅ ልምምድ በጊዜ ይጀመራል፤ ነርቩ ካልተቆረጠ ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ ያገግማል። ቁርኣን ለምታስቀራ እህት እነዚያ ወራት ምን ማለት እንደሆኑ እናንተም ታውቃላችሁ።

የሕክምና ተማሪ የሆናችሁ እህትና ወንድሞች፣ በምትለማመዱበት ክፍል ይህ ይደረግ እንደሆነ ጠይቁና በሚቀጥለው እትም ጻፉልን።