ሥራ ባሕር ሲሻገር፤ የኮንትራት ባለሙያው ፈተና እና ለልጆቻችን የሚሰጠው ትምህርት

ክረምት በገባ ቁጥር ከደጋው ወደ መተማና ወደ ቋራ ለሰሊጥ አረም የሚወርደው የቀን ሠራተኛ አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል። ሰው በበዛበት ሳምንት የቀን ዋጋው ይወርዳል፤ ሰው በጠፋበት ሳምንት ይወጣል። ይሁን እንጂ አረሙ የሚገኘው ማሳው ላይ ነውና አሠሪው ሥራውን ጠቅልሎ ወደ ሌላ አገር ሊወስደው አይችልም። በኮምፒውተር የሚሠራ ሥራ ግን ማሳ የለውም። በኢንተርኔት መስመር በአንድ ጀንበር ከአንዱ አህጉር ወደ ሌላው ይሻገራል።

ይህ ጉዳይ ከእኛ ቀዬ የራቀ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በሐምሌ 2016 ዓ.ም ኢትዮጵያ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናን ይፋ ካደረገች ወዲህ፣ በከተማም በገጠርም ያሉ ወላጆች ልጆቻቸው ኮምፒውተር ተምረው ከቤታቸው ሆነው የውጭ ሥራ እንዲያገኙ ተስፋ ማድረግ ጀምረዋል። ተስፋው መሠረት አለው። ሆኖም ሥራውን ወደ እኛ የሚያመጣው መንገድ ከእኛ ሊወስደውም ይችላልና፣ መንገዱን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

መንገዱ እንዴት ተከፈተ?

የአሜሪካው ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ እ.አ.አ በ1985 በሕንድ ባንጋሎር ከተማ የሶፍትዌር ማዕከል ሲከፍት ብዙዎች ያን ያህል ትኩረት አልሰጡትም። ከዓመታት በኋላ እ.አ.አ የ2000 መግቢያ ሲቃረብ፣ ዓመትን በሁለት አኃዝ ብቻ የሚጽፉ አሮጌ ፕሮግራሞች እንዳይሳሳቱ በሚሊዮን የሚቆጠሩ መስመሮችን መፈተሽ ግድ ሆነ። የምዕራቡ ዓለም ኩባንያዎች ለዚህ የሚበቃ ሰው በአገራቸው ስላልነበራቸው ፊታቸውን ወደ ሕንድ አዞሩ። ሥራው በጥራት ተጠናቀቀ፤ ዋጋውም ረክሶ ተገኘ። ዛሬ የሕንድ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ዘርፍ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሠራተኞችን ያቀፈ ነው።

በአሜሪካ በዚህ ለውጥ ቀድሞ የሚነካው የኮንትራት ባለሙያው ነው። የኮንትራት ባለሙያ ብዙውን ጊዜ የኩባንያው ቋሚ ሠራተኛ ሳይሆን በቅጥር አገናኝ ድርጅት በኩል ለተወሰኑ ወራት የሚገባና በሰዓት የሚከፈለው ሰው ነው። ክፍያው ከቋሚው ሊበልጥ ቢችልም፣ የሥራ ስንብት ክፍያ፣ የሚከፈልበት ዕረፍትና የጡረታ መዋጮ በአብዛኛው አያገኝም። ኩባንያው ሥራውን ወደ ባሕር ማዶ ለማዛወር ሲወስን ቋሚ ሠራተኛን ማሰናበት ወጪም ወሬም ያስከትላል። የኮንትራት ባለሙያውን ግን ማባረር አያስፈልገውም፤ ውሉን አለማደስ ይበቃል። በዚህም ምክንያት ስለ ሥራ ቅነሳ በሚወጡ ዜናዎች ውስጥ የእርሱ ቁጥር ብዙ ጊዜ አይታይም።

ሥራው የቀረለት ባለሙያም ቢሆን ጫናው አይቀርለትም። የሰዓት ዋጋውን ለመደራደር ሲቀመጥ የሚወዳደረው ከጎረቤቱ ጋር ብቻ ሳይሆን በባንጋሎርና በማኒላ ካለው ሰው ጋር ጭምር ነው።

የቴኔሲው ምሳሌ

ለአርሶ አደር ቅርብ የሆነ አንድ ምሳሌ እናንሳ። የቴኔሲ ሸለቆ ባለሥልጣን እ.አ.አ በ1933 የተቋቋመ የአሜሪካ መንግሥት ድርጅት ነው። ግድብ ገንብቶ ለድሃ ገበሬዎች መብራት ያዳረሰ፣ የማዳበሪያ ምርምር ያካሄደ፣ የተሸረሸረ መሬት እንዲያገግም የሠራ ተቋም ነው። እ.አ.አ በ2020 ይህ ተቋም የሶፍትዌር ሥራውን የውጭ ሠራተኞችን ለሚጠቀሙ ኩባንያዎች ለማስተላለፍ ወሰነ። ከ200 በላይ ሠራተኞች ሥራቸውን ሊያጡ ሆነ። ጉዳዩ በነሐሴ ወር እስከ ፕሬዚዳንቱ ደረሰ፤ ዶናልድ ትራምፕ የቦርድ ሰብሳቢውን ከኃላፊነት አነሱ፣ ተቋሙም በቀናት ውስጥ ውሳኔውን ሻረ።

ይህ ግን መንግሥት በቀጥታ የሚያዝዘው ተቋም ስለነበር የሆነ ነው። በግል ኩባንያዎች ዘንድ መንግሥት የሚይዘው ልጓም በዋናነት ግብርና ቪዛ ነው። ለምሳሌ ከ2022 ጀምሮ በአሜሪካ ግብር ሕግ በውጭ አገር የሚሠራ የሶፍትዌር ልማት ወጪ በአንድ ዓመት ሳይሆን በ15 ዓመታት ተከፋፍሎ እንዲቀነስ ተደርጓል። በ2025 በወጣው ሕግ ደግሞ በአገር ውስጥ የሚሠራው ወጪ በዚያው ዓመት እንዲቀነስ ሲፈቀድ፣ የውጭው በ15 ዓመቱ ጸንቷል። እንዲህ ያለ አንድ አንቀጽ በሌላ አህጉር ላለ ወጣት የሥራ ዕድል ሊከፍት ወይም ሊዘጋ ይችላል።

የሚሄደውና የሚቀረው

ይህ ሁሉ ሲሆን በአሜሪካ የሶፍትዌር ሥራ አልጠፋም። የተለወጠው የሥራው ዓይነት ነው። በአገሪቱ የሥራ ስታቲስቲክስ «የኮምፒውተር ፕሮግራመር» ተብለው የሚመዘገቡት፣ ማለትም ሌላው የነደፈውን ወደ ኮድ የሚለውጡት ሠራተኞች ቁጥር ከ2000 ወዲህ ከግማሽ በላይ ቀንሷል። በአንጻሩ የሰዎችን ችግር አጥንተው ሥርዓት የሚነድፉ ገንቢዎች ቁጥር ጨምሯል። ለፕሮግራመሮቹ መቀነስ የባሕር ማዶ ሥራ አንዱ ምክንያት ነው፤ የቴክኖሎጂው መለወጥና የሥራ መደቦች ስያሜ መቀየርም ድርሻ አላቸው።

የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲው የምጣኔ ሀብት ምሁር አለን ብላይንደር እ.አ.አ በ2006 ባቀረቡት ትንተና፣ ወደ ውጭ የሚሄደውን ሥራ ከማይሄደው የሚለየው የትምህርት ደረጃ አይደለም ብለው ነበር። መለያው ሥራው ጥራቱን ሳያጣ በሽቦ መላክ መቻሉ ነው። በዚህ ሚዛን የተማረው የኮድ ጸሐፊ ሥራ ባሕር ሲሻገር የቧንቧ ሠራተኛው ሥራ ከሰፈሩ አይወጣም።

ሥራውን የተቀበሉትም አገሮች ቢሆኑ ዋስትና የላቸውም። ግዙፉ የሕንድ ኩባንያ ታታ ኮንሰልታንሲ ሰርቪስስ በ2025 ከሠራተኞቹ 2 በመቶ ያህሉን፣ ይኸውም 12 ሺህ ገደማ ሰዎችን እንደሚቀንስ አስታውቋል። በኬንያ ናይሮቢ ደግሞ ለፌስቡክ ይዘት የሚገመግሙ ሠራተኞች በ2023 መጀመሪያ ሥራ ተቋራጩ ከዘርፉ ሲወጣ ተበትነዋል። ከእነርሱ መካከል በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከ180 በላይ የሚሆኑት ፍርድ ቤት ሄደዋል። ከሙግቱ መሠረታዊ ጥያቄዎች አንዱ «አሠሪያችን ማን ነው? ተቋራጩ ወይስ የሥራው ባለቤት?» የሚል ነው። የአሜሪካው የኮንትራት ባለሙያና የናይሮቢው ሠራተኛ እርስ በርስ የሚቀናቀኑ ቢመስሉም፣ የሁለቱም ጭንቀት አንድ ነው።

ለእኛ ምን ይሁን?

የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ወዲህ በገበያ እንዲወሰን መደረጉ በዶላር የሚከፈለውን ሰው ገቢ በብር ሲቆጠር ከፍ አድርጎታል። ለውጭ አሠሪም የኢትዮጵያ ጉልበት ርካሽ ሆኖ ይታየዋል። ይህ ዕድል ነው። ነገር ግን በርካሽነቱ ብቻ የመጣ ሥራ ይበልጥ ርካሽ የሆነ ቦታ ሲገኝ ወይም ማሽን ሲተካው ይሄዳል። በአንድ ገዥ ላይ ብቻ ተማምኖ ማሳውን በሙሉ አንድ ዘር የዘራ ገበሬ የዋጋ መውደቅ ምን እንደሚያስከትል አይጠፋውም።

ስለዚህ ልጁን ለሥልጠና የሚልክ ወላጅም ሆነ ሠልጣኙ ራሱ ሦስት ነገሮችን ቢያጤኑ ይበጃል። አንደኛ፣ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ከፋዩ ማን እንደሆነ፣ በምን ገንዘብና መቼ እንደሚከፍል፣ ውሉ ሲቋረጥ ስንት ቀን ቀድሞ እንደሚነገር ይታወቅ። «የውጭ ሥራ እናስገኝላችሁ» ብሎ ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅን አገናኝ መጠርጠር ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ኮድ መጻፍን ብቻ ሳይሆን አንድ የሙያ ዘርፍን አብሮ ማወቅ፤ ግብርናን፣ ጤናን ወይም ሒሳብን የሚያውቅ ገንቢ በቀላሉ አይተካም። ሦስተኛ፣ ዓይንን ከባሕር ማዶ ብቻ አለማድረግ።

የመጨረሻው በተለይ ለገጠሩ ይመለከታል። አርሶ አደሩ ደውሎ የግብርና ምክር በቋንቋው የሚሰማበት የ8028 የስልክ መስመር፣ የገጠር መሬት ይዞታ ምዝገባ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሒሳብ፣ የገበያ ዋጋ መረጃ፤ እነዚህ ሁሉ ሶፍትዌር ይፈልጋሉ። እነርሱን በሚገባ ለመሥራት ቋንቋውን፣ ወቅቱንና የአካባቢውን ልማድ ማወቅ የግድ ነው። ክልሎችና ዩኒየኖች እንዲህ ያለውን ሥራ ለአገር ልጅ በሰጡ መጠን የሠለጠነው ወጣት የሚቆምበት መሬት ያገኛል።

የውጭው ሥራ ሲመጣ በደስታ እንቀበለው። ሲሄድ ግን ባዶ እጃችንን እንዳንቀር፣ በመጣበት ዘመን ያገኘነውን ገንዘብና ዕውቀት ከቀያችን በማይነቀል ሥራ ላይ እናውለው።