ሰሙን ማን ጣለው?

ባለፈው እሁድ የእህቴ ልጅ የአማርኛ የቤት ሥራዋን ይዛ አጠገቤ ቁጭ አለች። አሥረኛ ክፍል ናት። ጥያቄው አንድ መስመር ነው፤ «ከላይ በቀረበው ግጥም ውስጥ የሚገኙትን ዘይቤዎች ለይታችሁ አውጡ።» ከአቦል እስከ ቶና ባለው ጊዜ ጨርሳው ተነሣች። ሁለት አነጻጻሪ፣ አንድ ሰውኛ፣ አንድ ግነት። ደብተሩን ተቀብዬ አየሁት፤ አንድም ስህተት የለበትም።

«ጎበዝ! ግጥሙስ ስለምንድን ነው?» አልኳት።

«እሱን አልተጠየቅንም እኮ ጋሼ።»

«አላነበብሽውም እንዴ?»

«ለአነጻጻሪው 'እንደ' የሚለውን ፈልጌ አሰመርኩበት። ሰውኛው ደግሞ ተራራው አለቀሰ ይላል፤ ተራራ አያለቅስም። ግነቱ ያስታውቃል።»

ማክሰኞ ደብተሩ ታርሞ ተመለሰ። ዐሥር ከዐሥር።

ልጅቷን ልቆጣት አልቻልኩም። እኔም የጋዜጣ ሰው ከመሆኔ በፊት ክፍለ ሀገር ወርጄ አማርኛ ሳስተምር ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ሰሌዳውን ለሁለት እከፍልና በግራ የዘይቤውን ስም፣ በቀኝ ምሳሌውን እደረድራለሁ። አነጻጻሪ፣ ተለዋጭ፣ ሰውኛ፣ ምጸት፣ እንቶኔ፣ አያዎ። ተማሪው ይገለብጣል፤ እኔ እፈትናለሁ፤ እሱ ያልፋል። አንድ ጊዜ አንድ ልጅ በፈተና ወረቀቱ ላይ የዘይቤውን ስም ቦታ ባዶ ትቶ፣ «ገጣሚው እናቱን ጎጆ ያላት ክረምት ላይ ሆኖ ስለጻፈው ይመስለኛል» ብሎ ጻፈልኝ። ተለዋጭ የሚለውን ቃል አልጻፈምና ዜሮ ሰጠሁት። ከክፍሉ ሁሉ ግጥሙን ያነበበው እሱ ብቻ እንደነበር የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው። ይቅርታ የምጠይቅበት አድራሻ እንኳ የለኝም።

ስም ማወቅ አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። አናጢ መሮውን በስሙ ሊጠራው ይገባል። የኛ ትምህርት ግን መሮውን አስጠርቶ እንጨቱን ሳያስነካ ልጁን አናጢ ነህ ብሎ ይሸኘዋል።

የሚገርመው ሌላ አገር ሳንሄድ የተሻለ መንገድ እዚሁ ጓሯችን መኖሩ ነው። የቅኔ ቤት። ጎጃም ዋሸራና ጎንጅ፣ ወሎ ዋድላ እየተባለ ቤቱ ቢለያይም አካሄዱ ተቀራራቢ ነው። ተማሪው ግስና አገባብ እየተማረ ጎን ለጎን ራሱ ቅኔ ይቆጥራል። መጀመሪያ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና፣ ቀጥሎ ሦስት ቤቷን ዘአምላኪየ እያለ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይወጣል። ቀኑን ጫካ ገብቶ ወይም ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሲያወጣ ሲያወርድ ይውልና የቆጠረውን ለየኔታ ይነግራል። የኔታ ያቃናሉ። ይህ ቃል እዚህ ምን ይሠራል? ለምን ይህን ግስ አመጣህ? ሰሙ ከታሪኩ ጋር ይገጥማል ወይ? ልጁ መልስ ከሌለው ነገ እንደገና ይቆጥራል። የሰው ቅኔ ገልብጦ ማምጣት አይሞከርም፤ ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይደገምምና።

ልብ በሉ፤ እዚያ ቤት ትንታኔ የሚባል ለብቻው የቆመ ትምህርት የለም። ልጁ ራሱ ሲሠራና ሲጠየቅ ነው መተንተን የሚለምደው። ቃልን ከቃል ሲያማርጥ የዋለ ሰው የሌላውን ምርጫ ያያል። ሐዲስ ዓለማየሁ በጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት አልፈው ነው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት። መንግሥቱ ለማም የቅኔ ሊቅ የነበሩት የአለቃ ለማ ኃይሉ ልጅ ነው። ቅኔ ቤት የገባ ሁሉ ደራሲ ይሆናል ማለቴ አይደለም። ቆሎ ለምነው፣ ከውሻ ታግለው ያለ ፍሬ የተመለሱም ብዙ ናቸው፤ ዱላውንም አልናፍቅም። የምናፍቀው «ለምን ይህን ቃል?» የምትለዋን ጥያቄ ነው።

ይህን ጥያቄ ምን እንደጣለብን ሳስብ አንድ ነገር ይታየኛል፤ ሰምና ወርቅን የምናስተምርበት መንገድ። መምህሩ ግጥሙን ያነባል፤ «ሰሙን ተዉትና ወርቁን ንገሩኝ» ይላል። ሰም ማለት ልጣጭ፣ ወርቅ ማለት ፍሬ ሆኖ ቀረ። አንጥረኛው ግን እንዲህ አይሠራም። መጀመሪያ በሰም ቅርጽ ያወጣል። መስቀል ከሆነ የመስቀሉን ሐረግ፣ ቀለበት ከሆነ የቀለበቱን ጌጥ በሰሙ ላይ አንድ በአንድ ይሠራል። ከዚያ በጭቃ ይለብጠዋል፤ ያሞቀዋል፤ ሰሙ ቀልጦ በወጣበት ክፍተት ወርቁን ያፈስሳል። ሰሙ ላይ ያልተሠራ ጌጥ ወርቁ ላይ ከየትም አይመጣም። ስለዚህ ሰሙን ያላየ ተማሪ ወርቁን አገኘሁ ቢል፣ ያገኘው ከመምህሩ ኪስ የወጣ ወርቅ ነው።

በማስተምርበት ዘመን አንድ ዓርብ፣ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ላይ፣ የማስተምረው ግጥም ያለበትን መጽሐፍ ቤት ረስቼ መጣሁ። ባዶ እጄን ከምቆም ብዬ ሌሊት ስቆጥራት ያደርኩትን የራሴን ሁለት ስንኝ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ትልቅ ግጥም አይደለችም፤ አትሣቁብኝ።

«ቀፎው ሞልቶ ሳለ ደጅህ ላይ ስቸገር፣
ልመናዬ ሁሉ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ማር።»

ዘይቤ የሚለውን ቃል ሳላነሣ፣ «ምን ይታያችኋል?» ብዬ ብቻ ጠየቅሁ። ቀፎ፣ ደጃፍ፣ ለማኝ፣ ማር አሉ። ጥሩ፤ ሰሙን አዩት። ቀጥሎ ቀለም አስቆጠርኳቸው። «ቀፎው» በፊደል ሦስት ሆኖ በጆሮ ሁለት ብቻ መሆኑ ላይ ትንሽ ተጨቃጨቁ። በጭብጨባ ሲቆጠር እያንዳንዱ ሐረግ ስድስት ስድስት መጣ፤ የወል ቤት። ከዚያ አንዱ ከኋላ ወንበር እጁን አወጣና፣ «መምህር፣ ማር የፈለገ ሰው ለምን ቃል ይለምናል? ኩባያ ነው የሚይዘው» አለ።

እኔ የምጠብቀውም ይህችኑ ስንጥቅ ነበር። «ቃል» የምትለዋ ቃል ሰሙ ላይ በደንብ አትቀመጥም፤ ትንሽ ትቆረቁራለች። የምትቆረቁረው ደግሞ ወርቁ በእሷ በኩል ስለሚገባ ነው። ወዲያው ሦስት አራት ልጆች «ማር! ማረኝ ማለት ነው!» እያሉ ተነሡ። ዱሮ ቢሆን እዚህ ላይ «ትክክል» ብዬ ወደ ሌላ ግጥም እሻገር ነበር። ያን ቀን ግን ሌላ ግጥም አልነበረኝም።

«ይህን ግጥም ለእናታችሁ ልትሉት ትችላላችሁ?» አልኩ። አሰቡና አይሆንም አሉ። ለሴት «ማሪ» ነው። ለእኔስ? ለእኔም አይሆንም፤ ለመምህር «ይማሩ» ነው የሚባለው። ለብዙ ሰው «ማሩ» ይሆናል። ማሩ ማር ሆኖ የሚቀረው ለአንድ ወንድ፣ እሱንም «አንተ» ለምንለው ብቻ ነው። እንግዲህ ደጁ የሚጠና፣ ቀፎው የሞላ፣ ግን አንቱ የማይባል ማነው? ጓደኛ አሉ። ታናሽ ወንድም ሀብታም ሆኖ ሊሆን ይችላል አሉ። መስኮቱ አጠገብ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ፣ «እግዜርን እኮ አንተ ነው የምንለው» አለች። ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። በዚህ ንባብ የሞላው ቀፎ ምሕረት ሆነ፤ ደጁም የቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም። ሌላው ልጅ አልተቀበላትም፤ «ስቸገር» ያለው የእንጀራ ችግር ነው፣ ለወንድሙ ነው ብሎ ተከራከረ። ሁለቱም ስንኞቹን እየጠቀሱ ነበር የሚከራከሩት። ደወል ሲደወል አልወጡም። «ኅብረ ቃል» የሚለውን ስም ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት በመጨረሻ፣ ጠመኔዬን ሰብስቤ ልወጣ ስል ነው፤ ያን ጊዜ ስሙ የሚጠራው ነገር በእጃቸው ነበር።

እኔ ራሴ ግጥሟን ስጽፍ እግዜርን አላሰብኩም ነበር። ልጅቷ ግን ከእኔ በላይ አነበበቻት፤ ማስረጃዋም አንዲት የተባዕት ትእዛዝ አንቀጽ ናት። ሰዋስው ደረቅ ነው ለሚሉኝ ሰዎች ሁልጊዜ ይህን እነግራቸዋለሁ።

ፊደላችን የሚደብቅብን ደግሞ አለ፤ መጥበቅና መላላት። «ጅቡ ሲመጣ በጉ ይበላል» ብላችሁ ጻፉና ለአንድ ልጅ ስጡት። «በ»ን እና «ላ»ን አጥብቆ ካነበበው በጉ የጅብ ራት ነው። አላልቶ ካነበበው በጉ ጅቡን እያየ ተረጋግቶ ሣሩን የሚግጥ ጉደኛ ነው። «ገና» ሲላላ ጊዜ፣ ሲጠብቅ በዓል። «ዋና» ሲላላ ውኃ ውስጥ፣ ሲጠብቅ ወንበር ላይ። ገጣሚዎቻችን በዚህ ሲጫወቱ ኖረዋል። ስለዚህ አማርኛ ግጥም ድምፅ ሳያሰሙ ማስተማር አይቻልም፤ አንባቢው አፉን ሲከፍት ትርጉም መምረጡ ነውና። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርከው አገር ሁሉ ሥራ ፈትቶ ያዳመጠው በድምፁ ውበት ብቻ አይመስለኝም። በየመስመሩ የትኛው ቃል እንደሚጠብቅ፣ ፊታውራሪ መሸሻ የት እንደሚያጓሩ፣ ጉዱ ካሳ የት እንደሚያሾፍ ወስኖ ነበር የሚያነበው። ከዚያ የተሻለ ትንታኔ ምን አለ? እኛ ግን ክፍል ውስጥ «በለሆሳስ አንብቡና ጥያቄዎቹን መልሱ» እንላለን።

ወርቅ ብቻ የማሳደድ አባዜያችን ምክንያት የለውም አልልም። ሳንሱር ባለበት አገር አንባቢ ከመስመር ጀርባ ማየት ይለምዳል። በ1975 ዓ.ም. የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ሲወጣ ሰዉ ገጸ ባሕርያቱን እየቆጠረ ይህ እገሌ ነው፣ ያ እገሌ ነው ሲል ነበር። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ በዓሉም በ1976 ዓ.ም. ወጥቶ ቀረ። ይህን ያየ ትውልድ እያንዳንዱን ግጥም እንደ ምስጢር ደብዳቤ ቢፈታ አይፈረድበትም። ግን ልማዱ ክፍል ውስጥ ሲገባ ያስቸግራል። አንዳንዱ ተማሪ ስለ ዝናብ የተጻፈ ግጥም ስትሰጡት ዝናቡን ሳያይ «መንግሥትን ነው» ይላል። መንግሥትን ሊሆን ይችላል። የቱ ቃል ነው ይህን ያለህ ሲባል ግን የሚያሳየው የለውም። ዘይቤ ከሚለቅመው ልጅ ምንም አይሻልም፤ ሁለቱም ግጥሙን አላነበቡትም።

መምህራን የሚሉኝን አውቃለሁ። በአንድ ክፍል ስድሳ ሰባ ተማሪ፣ አርባ ደቂቃ፣ ማለቅ ያለበት መጽሐፍ፣ ፈተናው ደግሞ ምርጫ። እውነት ነው። «ለምን» የሚል ጥያቄ ለማረም ሌሊት ይፈጃል፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ግን ሻይ እየጠጡ ይታረማል። ሆኖም ሁለት ስንኝ ለማንበብ መጽሐፍ እንኳ አያስፈልግም፤ እኔ ያቺን ዓርብ ያስተማርኩት መጽሐፍ ረስቼ ነው። የብርሃኑ ገበየሁን «የአማርኛ ሥነ ግጥም» ያነበበ መምህር ስለ ቃል ምርጫና ስለ ምት የሚጠይቀው አያጣም። ልብ ወለድ ላይ ከሆነ ደግሞ አንድ ምዕራፍ ተይዞ ማን ማንን አንተ፣ ማን ማንን አንቱ እንደሚል ብቻ ልጆቹ ይከታተሉ። ጌታና ሎሌ፣ አባትና ልጅ፣ ፍቅረኛና ፍቅረኛ በዚያች አንዲት ተውላጠ ስም ሲገለጡ ያያሉ።

የእህቴ ልጅ መምህር ይህን ዓምድ የሚያነቡ ከሆነ፣ ዐሥሩን ማርክ አይንኩባት፤ የተጠየቀችውን በትክክል መልሳለች። በሚቀጥለው የቤት ሥራ ግን ከዘይቤዎቹ ዝርዝር ሥር አንዲት ጥያቄ ይጨምሩልን፤ ገጣሚው ተራራውን ለምን አስለቀሰው?