የቀራንዮ መጋረጃ

የታክሲው ረዳት «ቀራንዮ! ቀራንዮ!» እያለ ሲጣራ የሚሰማው ሰው የሚያስበው ስለ ሒሳቡና ስለ መቀመጫው ነው። ዳሩ ግን የኮልፌ ቀራንዮ ሰፈር የያዘው ስም ጌታ የተሰቀለበት ስፍራ ስም ነው። በሰፈሩም ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም የሚባለው ደብር አለ፤ ምእመናንም በየዓመቱ መጋቢት 27 ቀን ስቅለቱን ያስባሉ።

የማቴዎስ ወንጌል እንደሚነግረን ጌታ በቀራንዮ ነፍሱን ሲሰጥ የቤተ መቅደሱ መጋረጃ ለሁለት ተቀደደ። እንግዲህ የተቀደደ መጋረጃ እኛ ስለ ምን መልሰን እንሰቅላለን? አንድ ጓደኛዬ በልጅነቱ ይህንኑ ጠይቆ ያገኘው መልስ «ምስጢር ነው፤ አትጠይቅ» የሚል ነበር። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ስለ ሁሉም ነገር ይጠይቃል፤ ስለ እግዚአብሔር ግን መጠየቁን ትቷል። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው።

በእኔ አስተያየት ያ መልስ የቤተ ክርስቲያን መልስ አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን ሥላሴን፣ ሥጋዌን፣ ጥምቀትን፣ ቁርባንንና ትንሣኤ ሙታንን አምስቱ አዕማደ ምስጢር ብላ ሰይማ ታስተምራለች እንጂ አትሸሽግም። በትርጓሜ ቤትም መምህሩ አንዱን ንባብ «አንድም» እያለ ደጋግሞ ሲፈታ ይውላል። ምስጢር ማለት የማይነገር ነገር ሳይሆን፣ ተነግሮ የማያልቅ ነገር ነው።

አንዳንዶች ደግሞ የቅዳሴው ምስጢርነት የሚጠበቀው ሕዝቡ ግዕዙን ባለመስማቱ ይመስላቸዋል። ነገር ግን አባቶቻችን በአክሱም ዘመን ቅዱሳት መጻሕፍትን ወደ ግዕዝ የመለሱት የአገሩ ሰው እንዲሰማው ነበር። ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ የሚጠራው ዮሐንስ አፈ ወርቅም፣ እ.ኤ.አ. በ386 እና በ387 በአንጾኪያ የእግዚአብሔር ባሕርይ እንደማይመረመር የሰበከው ከተሜው በሚያውቀው በጽርዕ ቋንቋ ነው። ቃሉን የሰሙት ሰዎች ቃሉ ስለ ገባቸው የእግዚአብሔር ፍርሃት አልጎደለባቸውም። ስለዚህ ግዕዙን እንጠብቀው፤ ፍቺውን ግን ከሕዝቡ አንንፈገው።

እኛ ተምረናል የምንለው ደግሞ በሌላው በኩል እንሳሳታለን። ቅዳሴውን እንደ ክፍል ትምህርት በማስታወሻ ጽፈን የምንጨርሰው ይመስለናል፤ ወይም ስልካችንን ከፍ አድርገን ሥዕል እያነሣን ያየነው ይመስለናል። በእኔ ማስታወሻ ውስጥ ተጠቃልሎ የሚያልቅ አምላክ ቢኖር፣ የምሰግደው ለራሴ አሳብ እንጂ ለእርሱ አይደለም። ጫማችንን አውልቀን መቆማችን፣ ዕጣኑ፣ ስግደቱ፣ ሁሉም የሚያሳስበን ከፊቱ የቆምንለት ከእኛ እንደሚበልጥ ነው።

ወደ ጓደኛዬ ጥያቄ ልመለስ። ቤተ ክርስቲያናችን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብላ በሦስት ትከፈላለች፤ መጋረጃውም በመቅደሱ ደጅ ነው። ሲዘጋ አይተን ብንሄድ ኖሮ፣ እግዚአብሔር ሩቅ ነው ብለን በሄድን ነበር። ነገር ግን ይከፈታል፤ ካህኑም ሥጋውንና ደሙን ይዞ ወደ ሕዝቡ ይወጣል። በቀራንዮ የተቀደደው የለየን መጋረጃ ነው እንጂ የእግዚአብሔር ታላቅነት አይደለም። የማይደረስበት እርሱ ራሱ ወደ እኛ መጣ። መጋረጃው ባይኖር መምጣቱ ምን ያህል ታላቅ ነገር እንደ ሆነ በዘነጋነው ነበር፤ ባይከፈትም ተስፋ በቈረጥን ነበር።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ጥያቄ ያላችሁ ጥያቄያችሁን ይዛችሁ ወደ ሊቃውንቱ ሂዱ፤ «አትጠይቅ» የሚላችሁ ቢገጥማችሁም ሌላ መምህር ፈልጉ። መጋረጃው በተከፈተ ጊዜ ግን ስልኩንም ክርክሩንም ለጥቂት ጊዜ አኑረን እንስገድ። የጠየቀ ሰው ሲሰግድ ስግደቱ ከልብ ይሆናልና።