አገራችንን እንወቅ፦ አዋሽ ወንዝ ዳር

ዛሬ ወደ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ እንውሰዳችሁ።

ብሔራዊ ፓርክ ማለት የዱር አራዊትና አእዋፍ ሳይታደኑ እንዲኖሩ የተከለለ ቦታ ነው። የአዋሽ ፓርክ ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በ1961 ዓ.ም. በሕግ ተከለለ። በደቡብ በኩል ወሰኑ የአዋሽ ወንዝ ነው። አዋሽ ከግንጪ አካባቢ ይነሣል። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ግን ባሕር አይደርስም፤ አፋር ምድር አቤ ሐይቅ ገብቶ ያበቃል።

በማለዳ ገባን። ሜዳው ላይ ሳላዎች ይግጣሉ። የሳላ ቀንድ እንደ ጦር ቀጥ ያለ ነው። ወንዱም ሴቷም ቀንድ አላቸው። ቁጥቋጦው ሥር ከርከሮ ይቆፍራል። ወዲያ ሰጎን ትሮጣለች። በዚህ ፓርክ ከ450 በላይ የወፍ ዓይነቶች ታይተዋል።

እኩለ ቀን ሲሆን ወንዙ ዳር ደረስን። ፀሐዩ አቃጥሎናል፤ አቧራ ለብሰናል። «ወርደን ፊታችንን እንታጠብ» ተባባልን። ውሃው ደፍርሷል፤ ግን ጸጥ ያለ ነው።

አብረውን አንድ ገበሬ ነበሩ። ፊደል የቆጠሩት በቅርቡ ነው። መንገድ ዳር አንድ ሰሌዳ አዩና ቆሙ። በጣታቸው እየተከተሉ «አ... ዞ... አዞ አለ!» አሉ። ከዚያ «ኧረ ተመለሱ!» ብለው ጮኹ። እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ ማንበብ እናውቃለን። ግን ወሬ ይዞን ሰሌዳውን አላየነውም። አዲሱ አንባቢ አዳኑን።

ዘበኛው ከፍ ካለ ቦታ ላይ አቁሞ አሳየን። ግንድ የመሰለን ነገር ዓይን አለው! የአዞ ዓይንና አፍንጫ አናቱ ላይ ናቸው። ስለዚህ ሌላው አካሉ ውሃ ውስጥ ተደብቆ ያያል፤ ይተነፍሳል። ሊጠጣ የሚመጣውን እንስሳ ጸጥ ብሎ ይጠብቃል።

ሴቷ አዞ እንቁላሏን አሸዋ ውስጥ ትቀብራለች። ሦስት ወር ያህል ትጠብቀዋለች። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ በአፏ ይዛ ወደ ውሃ ታወርዳቸዋለች። ገበሬው ይህን ሲሰሙ «አይ እናት! አውሬም ብትሆን እናት ናት» አሉ።

አዞ ባለበት ወንዝ ዳር የምትኖሩ ሁሉ ይህን ልብ በሉ፦

1. ሲመሽና ሌሊት ወደ ውሃው አትውረዱ።
2. ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ አትቅዱ። አዞ ልማዳችሁን ያያል።
3. ልጆች ብቻቸውን ከብት እንዳያጠጡ፤ እንዳይዋኙ።
4. ሰሌዳ ካያችሁ ቆማችሁ አንብቡ። ላላነበበውም ንገሩ።

አንብባችሁ መልሱ፦
ሀ. አዋሽ የት ገብቶ ያበቃል?
ለ. አዞ ተደብቆ እንዴት ያያል?
ሐ. በመንደራችሁ ሰሌዳ አለ? ምን ይላል?

በሚቀጥለው ሳምንት እንገናኝ።