ነጥቡ ደካማ ነው፤ መያዣው ምንድነው?

ልጁን ወይም ወንድሙን አሜሪካና አውሮፓ ልኮ በትልልቆቹ የንግድ ትምህርት ቤቶች ኤም.ቢ.ኤ. ማስተማር የሚመኝ ነጋዴ ጥቂት አይደለም። ዐሥር ዓመት ነግዶ «አሁንስ እኔው ልማር» የሚልም አለ። ብዙ ጊዜ ግን ሐሳቡ ገና ሳይነሳ አንድ ወረቀት ላይ ይሰናከላል። ትራንስክሪፕቱ ሲወጣ የተመረቀበት ነጥብ 2.4 ወይም 2.6 ሆኖ ይገኛል። ከዚህ በኋላ ሰውየው ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ «ይህን ይዤ ማን ይቀበለኛል» ብሎ ነገሩን እርግፍ አድርጎ ይተወዋል፤ ወይ ደግሞ «እኔ አስገባሃለሁ» የሚል ደላላ ዘንድ ይሄዳል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ሁለቱም ኪሳራ ናቸው።

ነገሩን ገበያው በሚያውቀው ቋንቋ እንመልከተው። ድሮ የተበላሸ ብድር የነበረበት ነጋዴ ዛሬ ባንክ ቢሄድ አስተዋይ የብድር ኦፊሰር ሦስት ነገር ይጠይቀዋል። ብድሩ ለምን ተበላሸ? ከዚያ ወዲህ ምን ሠራህ? አሁንስ የምታስይዘው ምን አለህ? የትምህርት ቤቶቹ የቅበላ ኮሚቴም ከዚህ ብዙ የራቀ ጥያቄ የለውም። የፈሰሰ ውሃ እንደማይታፈስ ሁሉ የድሮ ነጥብም አይፋቅም። አዲስ መያዣ ማቅረብ ግን ይቻላል።

ለመሆኑ ትምህርት ቤቶቹ ነጥብ የሚያዩት ለምንድነው? ምክንያታቸው ሁለት ነው። አንደኛው ሥጋት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሒሳብ አያያዝ፣ ፋይናንስና ስታትስቲክስ በጥድፊያ ስለሚሰጡ ተማሪው መንገድ ላይ እንዳይወድቅባቸው ይፈራሉ። በሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ለምሳሌ ተማሪው የሚመዘነው ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ተወዳድሮ ሲሆን፣ በየትምህርቱ ከክፍሉ መጨረሻ ላይ ያሉት እስከ 10 በመቶ የሚደርሱት ዝቅተኛውን ደረጃ ይወስዳሉ። ሁለተኛው ምክንያት የራሳቸው ጥቅም ነው። ዩ.ኤስ. ኒውስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በየዓመቱ ለትምህርት ቤቶቹ ደረጃ ሲያወጣ የገቢ ተማሪዎችን የኮሌጅ ነጥብና የመግቢያ ፈተና ውጤት ይቆጥራል። የሃርቫርድ ገቢዎች አማካይ ነጥብ 3.7 አካባቢ ነው። ስለዚህ 2.5 ይዞ የሚመጣ አመልካች አማካዩን ወደ ታች ይጎትተዋል ማለት ነው። ይህን ሳያውቁ «ሥራዬ ይበቃኛል» ብሎ ማመልከት የገበያውን ዋጋ ሳይጠይቁ ዕቃ እንደመጫን ይቆጠራል።

መውጫው ግን ያለው እዚያው ምክንያቶቹ ውስጥ ነው። የሚፈሩት ቁጥር ላይ መውደቅን ከሆነ ቁጥር ላይ መቆም መቻሉን ያሳያቸው።

የመጀመሪያው መያዣ ፈተና ነው። ጂማት የሚባለው የመግቢያ ፈተና እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ በአዲስ መልክ ብቻ ይሰጣል። ሁለት ሰዓት ከሩብ ይፈጃል፤ ውጤቱ ከ205 እስከ 805 ድረስ ነው። ሒሳቡ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት አያልፍም፤ አስቸጋሪው ፍጥነቱ ነው። ውጤቱ ለአምስት ዓመት ያገለግላል፤ ያልተሳካለትም ደግሞ መፈተን ይችላል። ነጥቡ ደካማ የሆነ ሰው ከሌላው አመልካች እኩል ማምጣቱ አይበቃውም። በተለይ በሒሳቡ ክፍል መብለጥ አለበት።

ሁለተኛው መያዣ አዲስ ግሬድ ነው። ሒሳብ አያያዝ፣ ስታትስቲክስና ኢኮኖሚክስ በታወቀ ተቋም ወስዶ ኤ ያመጣ ሰው ከድሮው ወረቀት አጠገብ ሌላ ወረቀት ያስቀምጣል። ሃርቫርድ ራሱ በኢንተርኔት የሚሰጠው «ኮር» የተባለው ሥልጠና የቢዝነስ ትንተናን፣ ለሥራ አስኪያጆች የሚሆን ኢኮኖሚክስንና ፋይናንሺያል አካውንቲንግን የያዘ ነው። እዚሁ አዲስ አበባ በማታው ክፍለ ጊዜ መማርም ዋጋ አለው። ቁም ነገሩ የ19 ዓመቱን ልጅ ነጥብ የ28 ዓመቱ ሰው ነጥብ እንዲከተለው ነው።

ሦስተኛው መያዣ ሥራ ነው፤ የእኛ ነጋዴ ራሱን በርካሽ የሚሸጠውም እዚህ ላይ ነው። በሃርቫርድ የሚማሩት በእውነተኛ ድርጅቶች ታሪክ ላይ በመከራከር ስለሆነ፣ በብዙዎቹ ኮርሶች የውጤቱ ግማሽ ያህል የሚሰጠው ለክፍል ውስጥ ተሳትፎ ነው። ስለዚህ ዕቃ አስመጥቶ የከሰረ፣ ዱቤ ሰጥቶ ያስመለሰ፣ ሠራተኛ ቀጥሮ ያሰናበተ ሰው የሚናገረው ነገር ስላለው ይፈለጋል። ሆኖም «የቤተሰቤን ንግድ እመራለሁ» ማለት ብቻውን ምንም አይነግራቸውም። ስትረከበው ሽያጩ ስንት ነበር፣ ዛሬስ? ዕቃው መጋዘን ውስጥ ስንት ቀን ይቆይ ነበር፣ አሁንስ? ይህን በሒሳብ መዝገብ ማሳየት ያስፈልጋል። የድጋፍ ደብዳቤውንም አባት ቢጽፈው የሚያምነው የለም፤ ደንበኛ፣ አቅራቢ ወይም የባንክ ሰው ይጻፈው።

እነዚህ ከቀረቡ በኋላ ነጥቡ ለምን እንደወረደ ማስረዳት ይከተላል። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ለዚህ የሚሆን ቦታ በማመልከቻው ላይ አላቸው። እዚያ ላይ ሙሾ ማውረድ አያዋጣም፤ ሦስት አራት መስመር ይበቃል። የኢትዮጵያ ተመራቂ ደግሞ እውነተኛ የሚለው ነገር አለው። የእኛም ነጥብ እንደ አሜሪካኖቹ ከ4 የሚታሰብ ስለሆነ አንባቢው ሁለቱን እኩል አድርጎ ሊያያቸው ይችላል። እኩል ግን አይደሉም። ሃርቫርድ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት ለተማሪዎቹ ከተሰጡት ግሬዶች 60 በመቶ ያህሉ ኤ መሆናቸውን ገልጿል። በከርቭ ሲታረም ለኖረ የእኛ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይህ ሕልም ነው። እንግዲህ 2.7 ብሎ ዝም ከማለት ከክፍሉ ስንተኛ እንደወጣ ከሬጅስትራር አጽፎ ማያያዝ ይሻላል። ሳይመርጥ በምደባ የገባበትን የትምህርት ክፍልም፣ እውነት ከሆነ፣ በአንድ መስመር መጥቀስ ነውር የለበትም።

ደላላውስ? ደላላው የሚሸጠው ወይ የተፈበረከ ትራንስክሪፕት ነው፣ ወይ ሌላ ሰው የጻፈው ድርሰት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ትምህርት ቤቶቹ ማስረጃ የሚያጣሩት ከተቀበሉ በኋላም ጭምር ስለሆነ፣ የተጭበረበረ ወረቀት የተገኘበት አመልካች የተሰጠውን ቦታ ይነጠቃል። ገንዘቡም ስሙም አብረው ይሄዳሉ። ነጋዴ ደግሞ ከገንዘቡ ይልቅ ስሙ ሲጠፋ እንደሚጎዳ ለዚህ ገጽ አንባቢ መንገር አያስፈልግም።

በመጨረሻ ሒሳቡን እንሥራ። የሃርቫርድ የትምህርት ክፍያ ብቻውን በዓመት ከ75,000 ዶላር ይበልጣል። ቤትና ቀለብ ሲጨመር የሁለቱ ዓመት ወጪ ከ200,000 ዶላር ያልፋል። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ የዶላር ዋጋ በብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በሌላ በኩል ሃርቫርድ የገንዘብ ድጋፍ የሚሰጠው የአመልካቹን ነጥብ ሳይሆን አቅሙን አይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ አቅም የሌላቸውን 10 በመቶ ያህል ተማሪዎች የትምህርት ክፍያ ሙሉ በሙሉ እንደሚሸፍን አስታውቋል። ስለዚህ ደካማ ነጥብ በሩን ቢያጠብበትም፣ አንዴ ከገባ ድጋፉን አይነፍገውም።

የተፈለገው ሱቁን በተሻለ መንገድ ማስተዳደር ብቻ ከሆነ ግን የአዲስ አበባው የማታ ኤም.ቢ.ኤ. ይበቃል፤ ከዚያ ማለፍ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆናል። ከዚያ በላይ የሚያስብ ደግሞ በአንድ ትምህርት ቤት ላይ ብቻ አይወራረድ። ሃርቫርድ እ.ኤ.አ. በ1950 ዋረን ባፌትን ሳይቀበለው ቀርቷል፤ እሱም ኮሎምቢያ ገብቶ በ1951 ተመረቀ። የዛሬውም አመልካች ለደላላ ሊከፍል ያሰበውን ብር ለፈተናና ለሁለት ሦስት ኮርስ ያውለው፤ አንድ ዓመት ተኩል ይዘጋጅ፤ ከዚያ መያዣውን ይዞ አራት አምስት በር ያንኳኳ።