የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ የቀሩት 18 መቶኛ ሰከንዶች

የዓለም ሻምፒዮና ሲመጣ እኛ ቤት ቴሌቪዥኑ የሚከበበው 5 ሺህና 10 ሺህ ሜትር ሲደርስ ነው። የሴቶች 400 ሜትር ቡናው እስኪፈላ ያልፋል። በዚህ እትም ግን ያቺን አንድ ዙር ከፊት አስቀድመናታል።

ምክንያታችን ቶኪዮ ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 18 ቀን 2025 ዝናብ ባራሰው መም ላይ አሜሪካዊቷ ሲድኒ ማክላፍሊን ሌቭሮን በ47.78 ሰከንድ አሸነፈች። የዶሚኒካን ሪፐብሊኳ ማሪሌይዲ ፓውሊኖ በ47.98 ተከተለቻት። ያርሚላ ክራቶክቪሎቫ በ1983 ሄልሲንኪ ላይ ያስመዘገበችውን የ47.99 የሻምፒዮና ክብረ ወሰን ሁለተኛ የወጣችውም ጭምር አሻሻለችው ማለት ነው። ማክላፍሊን የታወቀችው በ400 ሜትር መሰናክል መሆኑ ድሉን ይበልጥ አስገራሚ ያደርገዋል።

ርቀቱ ጨካኝ ነው። መነሻው ከውስጥ ወደ ውጪ በየመስመሩ ወደ ፊት ስለሚቀድም የውጪኛዋ ሯጭ ከኋላዋ ማን እንደቀረባት አታይም። በመጨረሻው 100 ሜትር ሁሉም ፍጥነት ይቀንሳሉ፤ ከሌሎቹ ያነሰ የቀነሰችው ታሸንፋለች።

የምሥራቅ ጀርመኗ ማሪታ ኮክ በ1985 ካንቤራ ላይ የሮጠችው 47.60 የዓለም ክብረ ወሰን እስካሁን አልተደፈረም። አገሪቱ አትሌቶቿን በመንግሥት ደረጃ አበረታች መድኃኒት ትሰጥ እንደነበር ከተጋለጠ ወዲህ የዘመኑ ሰዓቶች በጥርጣሬ ይታያሉ። የእትሙ ዋና ጽሑፍ ይህንኑ ይመረምራል።

በእኛ እምነት ከማክላፍሊን 47.78 እስከ ኮክ 47.60 የቀሩት 18 መቶኛ ሰከንዶች ይደፈራሉ። የማትስማሙ ጻፉልን።